የጥር ሃያው ደብዳቤ

እናቴ «አትምጪ» ብላኝ ነበር?

ይህን ጥያቄ ይዤ አቃቂ ላይ ዓመታት ኖርኩ። መልሱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት።

እናቴ አሰጋሽ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው ክሊኒክ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ሰፈሩ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ልጆች ነጭ ጫማዋን ከሩቅ ሲያዩ አጥር ዘለው ይጠፋሉ። ማታ ከሥራ ስትመለስ እኔንና ዓይኗ የጠፋውን አያቴን ታበላናለች፤ ከዚያ መርፌዋን ላምባ ምድጃ ላይ ቀቅላ፣ ክሊኒክ መምጣት ያልቻለ በሽተኛ ቤት ትሄዳለች። ቁጭ ብላ ያየኋት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኛል።

ስለዚህ ደብዳቤ በእጇ አትጽፍም ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ልማር ቡልጋሪያ ከሄድኩ ጀምሮ የላከችልኝን ሁሉ የጻፈችው ጎረቤታችን እትዬ ዙፋን ናት። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሷ ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ትናገራለች፣ ዙፋን ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። አንዳንዴም ዙፋን ከራሷ ጠርዙ ላይ ትጨምራለች፦ «ይህን ስትል እየሳቀች ነው።» «እዚህ ላይ ተቆጣች።» እኔም ቀዝቃዛ ክፍሌ ውስጥ መጀመሪያ የማነበው ጠርዙን ነበር።

በ1974 ታኅሣሥ ላይ ልቤ አልረጋ አለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ትምህርቱን አቋርጬ ልምጣ ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ የተጻፈው ጥር ሃያ ነው፦

«አትምጪ። እኔ ደህና ነኝ። አሥር መርፌ የታዘዘለት ሰው ስድስቱን ወስዶ ቢቀር ምን እንደምለው ታውቂያለሽ። ጨርሰሽ ነይ።»

ያነበብኩ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን አልክድም። መምጣት አልፈለግኩም ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ተመርቄ መጣሁ። አክስቴ ጠጄ «እናትሽ ለሥራ ወደ ሞጆ ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች» አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እናቴ ጥር አሥራ አንድ ቀን ታቦት ሸኝታ ስትመለስ በር ላይ ወድቃ አፏ ተይዞ ነበር። አንድም ቃል ሳትናገር ሚያዝያ ዘጠኝ አረፈች። ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ መርዶው እንዳይነገራት ተብሎ እድሩ ተስማምቶ ኖሯል። ደብዳቤው ግን እንዳይቋረጥ ዙፋን መጻፏን ቀጠለች።

ሐዘኑ ሲያልቅና ሰው ሲበተን ደብዳቤዎቹን አወጣሁ። በሰኔው ላይ «ዛሬ የዲንቄን ልጅ አዋለድኩ፤ ወንድ ነው፤ ድምፁ እስከ ፋብሪካው ይሰማል» ይላል። ዲንቄ ከእኛ በላይ ያለው ቤት ነው የምትኖረው። ልጇን ታቅፋ አገኘኋት።

«ማን አዋለደሽ?»

«ሆስፒታል ነው የወለድኩት» አለችኝ። «ሲስተር ብትኖር ኖሮ እዚያ ድረስ ምን ያንከራትተኝ ነበር?»

ዙፋን እናቴን ከሞተች በኋላም ሥራ አላስፈታቻትም ነበር።

ይህን ይቅር ማለት አላቃተኝም። ያቃተኝ የጥር ሃያው ነው። ያን ጊዜ እናቴ በሕይወት ነበረች፤ ያን ጊዜ ብነሳ እደርስባት ነበር። ጠጄ ስታስታምማት አብራት ስለነበረች ጠየቅኋት።

«ደብዳቤዬ ተነብቦላት ነበር?»

«ዙፋን ይዛው ገባች። እኔ ውጭ አንሶላ ሳጥብ ነበር። ስመለስ ዙፋን ትጽፋለች።»

«አፏ ተይዞ እንዴት ነው የምታጽፈው?»

«ዓይኗ ይናገር ነበር እኮ። የሰው እጅም ጨበጥ ታደርግ ነበር።»

«እና የዙፋንን እጅ ጨብጣ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ አንሶላ ሳጥብ ነበር አልኩሽ። ምን ልታደርጊው ነው? ለፖሊስ ልትሰጪው ነው? ይሄ የፈረንጅ አገር ጥያቄ ነው። ተይው።»

አልተውኩትም። የመርፌው ነገር የእናቴ ነው፤ ከአፏ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዙፋንም መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ጠርዙን አየሁ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ሳቀችም፣ ተቆጣችም፣ አለቀሰችም አይልም።

ዙፋን እኔ ከመምጣቴ አንድ ወር በፊት ባሏ ወደ ድሬዳዋ ስለተዛወረ አብራው ሄዳለች። ጋሼ ወልደሚካኤል በዚያ መስመር የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ደብዳቤ በእጅ እንዲያደርሱልኝ ጣቢያው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው።

«የሲስተር ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ። «አንድ ጊዜ መርፌዋን ፈርቼ ተነስቼ ስሮጥ፣ 'ባቡር ሙሉ ሰው እየተቆጣህ ከኔ ትሸሻለህ?' ብላ ጣቢያው መሐል አሳቀችብኝ። ስጪኝ።»

ወረቀቱ አጭር ነበር። «እትዬ ዙፋን፣ የጥር ሃያውን እናቴ ብላው ነበር? አዎ ወይም አይደለም በይኝ፤ አልቀየምሽም።»

በአራተኛው ቀን ባቡራቸው ሲመለስ ጠበቅኋቸው።

«ሰጡልኝ?»

«በእጇ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።»

«ምን አለች?»

«ከስታለች ወይ አለችኝ። ከስታለች አልኳት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።»

ፋብሪካ ገባሁ። የክር ጥንካሬ መለካት ነው ሥራዬ፤ ክሩን እስኪበጠስ መሳብ። ሻንጣዬን ግን ሳልፈታ ዓመት ሞላኝ። አንዳንድ ቀን ሶፊያ ብቀር ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእናቴን ነጭ ጫማ አውጥቼ አፈር ሳይኖረው እጠርገዋለሁ። ጫማው ለኔ ይጠበኛል። ሰው መርፌ ፍለጋ በራችንን ማንኳኳት ቀስ በቀስ ተወ። ጠጄም ወደ ልጇ ቤት ሳሪስ ገባች። ጋሼ ወልደሚካኤል በሄዱ በተመለሱ ቁጥር ከባቡሩ በር ላይ ሆነው መልስ የለም ለማለት ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። እንዳያፍሩ ብዬ ወደ ጣቢያው መሄድ አቆምኩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥር ሃያ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጣቢያው ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼ ወልደሚካኤል ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ያ ጉዞ ብቻ ነበር። ዓይናቸውን ሳላይ ሌላ ወረቀት እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ እሳቸውም ኪሳቸው ከተቱት።

«እትዬ ዙፋን፣ ያንን ጥያቄ ትቼዋለሁ። መልሺልኝ አልልሽም። እዚህ ከሥራ ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ጊዜ ካገኘሽ እንደ ድሮው አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ከእናቴ። ምን እየሠራች እንደሆነ፣ ማንን እንዳከመች፣ ያሻሽን በይ። ጠርዙን ግን ባዶ አታድርጊው።»

ባቡሩ ወደ ቢሾፍቱ ሲታጠፍ ጭሱ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ይህን ከላክሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ከድሬዳዋ ምንም አልመጣም።