የተሸፈነው ኮምፒውተር

የትርጉም ቢሮው ሠራተኞች የኮምፒውተር ጠጋኙን «ሐኪሙ» ይሉታል። ሰሞኑን ግን ሐኪሙ ራሱ ሕመምተኛ መስሏል። በየማለዳው የትርጉም ፕሮግራሙ ሲከፈት «መዝገበ ቃላቱን መጫን አልተቻለም» ብሎ ድርቅ ይላል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው፤ ገመድ ቀየረ፤ ወይ ፍንክች!

«ሐኪሙ፣ በሽተኛህ ሳይሞት እኛ ማለቃችን ነው» አለችው ጸሐፊዋ።

የቢሮው አለቃ ግን ቀልድ አላማራትም። «ደንበኛ ደጅ ቆሟል። ዛሬ ካልተስተካከለ ሌላ ባለሙያ እጠራለሁ» ብላ ከጀርባው ተገተረች።

የመዝገበ ቃላቱን ፋይል ማን ከፍቶ እንደያዘው ማየት ትዝ ያለው ያኔ ነው። አየና ክው አለ። የአጎቱ ስም ነበር።

አጎቱ በዚሁ ቢሮ ሸምግለው ጡረታ የወጡ ተርጓሚ ናቸው። መዝገበ ቃላቱን ቃል በቃል ያጠራቀሙት እሳቸው፤ የእህታቸውን ልጅ እጁን ይዘው እዚህ ያስገቡትም እሳቸው። ታመው በነበረ ጊዜ ከቤታቸው እንዲሠሩ ከቢሮው ዋና ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር የዘረጋላቸው ሐኪሙ ነው፤ ጡረታ ሲወጡ መዝጋቱን ረሳው። እሳቸውም ይኸው ማንም ሳያዛቸው በማለዳ ተነሥተው ቃላት ሲያርሙ ያረፍዳሉ። እሳቸው ከፍተው እስከያዙት ድረስ ደግሞ ለቢሮው አይጫንም።

ስልክ አንሥቶ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ይዝጉልን፤ ከሰዓት እንዳሻዎት ይሥሩ» ቢል ይበቃ ነበር። ግን አለቃዋ ከጀርባው ናት፤ ጥፋቱም የራሱ ነው። ትንፍሽ ሳይል መስመሩን ቆረጠው። መዝገበ ቃላቱ ወዲያው ተጫነ። ጸሐፊዋ አጨበጨበችለት።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«የኔ ልጅ፣ መዝገበ ቃላቱ እንቢ አለኝ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ወይ እሱ!»

«ዋናው ኮምፒውተር ታሟል ጋሼ። ትንሽ ይታገሡ።»

«አይ፣ አንተ እያለህለትማ ይድናል።»

በማግስቱም ደወሉ፤ በሳልስቱም። እሱም ያልታመመውን ማስታመም ያዘ። ኋላ መደወሉን ተዉት። መጀመሪያ እፎይ አለ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣሉ የገባው ዝምታቸው ሲረዝምበት ነው። ለከሰዓት ብቻ እንዲከፈት አድርጎ መስመሩን መለሰና ወደ ቤታቸው ገሰገሰ።

ኮምፒውተሩ አንሶላ ለብሷል። መነጽራቸው አጠገቡ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ዳነ እኮ! አሁን ይከፈታል።»

«ተመስገን» አሉ፤ ከወንበራቸው ግን አልተነሡም። «ለጸሐፊዋ ደውዬላት ነበር። ‹ጠዋት ጠዋት አልጫን ይል ነበር፤ ሐኪሙ ከነካው ጀምሮ ጤነኛ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረንም› አለችኝ።»

ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ።

«ብትነግረኝ እዘጋልህ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ።»

አንሶላውን ሊገልጥ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አሉት ለስለስ ብለው፤ «አቧራ ይገባበታል።»