አስፋልት ላይ የተቀመጠችው

አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር የቆመውን ሚኒባሷን ከኋላ ሲገጨው፣ እሷ ውስጥ ሆና ትልቁን ነጭ ውሻ ሳሙና በሳሙና አድርጋው ነበር። ገንዳው ተገለበጠ፤ እሷም ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ቀና ስትል የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውሻው የለም።

እርጥብ ሽርጧን እንደታጠቀች ዘላ ወረደች። ወንበሮቹን አስነቅላ፣ ገንዳና ማድረቂያ አስገጥማ፣ በየሰዉ ደጅ እየዞረች ውሻ የምታጥብበትና ፀጉር የምትከረክምበት ሚኒባስ ተጨራምቷል። ዞራም አላየችው። ውሻው አራት መንገድ በሚገናኝበት መሐል አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ ቆሟል። የመኪኖቹ ጥሩንባ ይጮኻል።

«ያዢው እንጂ!» አለ አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ።

ብትሮጥበት እንደሚበረግግ ታውቃለች። የፈራ ውሻ የሚሮጥበትን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጥታው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። «አበደች!» ሲሉ ሰማች። አንድ አውቶቡስ አጠገቧ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። እሷ ግን ስታጥበው የምታንጎራጉርለትን ዜማ ዝግ አድርጋ ጀመረች። ቆይቶ፣ እርጥብ አፍንጫ አንገቷን ነካት።

የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ደውላ የጠራቻት ታላቅ እህቷ ቀድማ ደርሳ ጠበቀቻት። ኢንሹራንሱን ስትገባ «የመኪናውስ ይሁን፤ ደግሞ ለሰው ውሻ?» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ የሳቀችባት ይህችው እህቷ ናት። ዛሬ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ፣ «በሩን የከፈተው ግጭቱ ነው በይ። ማን አየሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

የውሻው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ገቡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቤታቸው ኮቴው የሚሰማ ይህ ውሻ ብቻ ነው።

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አልነበረም፣ ጋሼ። ሙቀቱ ሲያፍነን ገርበብ አድርጌው ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

እህቷ ዓይኗን ጨፈነች። አዛውንቱ ወደ ውሻው ሄዱ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለኢንሹራንስ ወኪሉ ደወለች። ሁሉንም ነገረችው፤ የበሩን ጭምር። ይኸው፣ በገዛ አፌ እንጀራዬን ዘጋሁ፣ አለች በልቧ።

«ታዲያ ለዚህ አይደል እንዴ የገባሽው?» አለ ወኪሉ። «የማይሳሳት ሰው እኛ ጋ ምን ያመጣዋል? በእጅሽ ያለ እንስሳ ቢጎዳ ውላችን ይሸፍነዋል። ውሻው ይታከም፤ እኔም ሚኒባሱን ለማየት መጣሁ።»

ስትመለስ ውሻው ሐኪሙን አላስጠጋ ብሎ ያጉረመርማል። ዳኛው ማሰሪያውን ይዘው ቆመዋል። አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ማሰሪያውን ዘረጉላት።

«አንቺ ያዢው፣ ልጄ። ላንቺ ነው የሚረጋው።»

ውሻው ራሱን ጉያዋ ውስጥ ወሸቀ። ሐኪሙ እግሩን ዳበሰና፣ «ወለም ብሎታል እንጂ አልተሰበረም፤ ይድናል» አለ።

«ያ ኢንሹራንስ እህትንም ይሸፍን ይሆን?» አለች ታላቅየዋ አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ልቤ ቀጥ ልትል ነበር እኮ!» ዳኛው ሳቁ።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ የማታውቃት ሴት ናት።

«ቁጥርሽን ከተገጨው ሚኒባስ ላይ አግኝቼ ነው። አስፋልት ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ? እኔ ጋ ሁለት ውሾች አሉ፤ ሰው አያስነኩም። መቼ ትመጪልኛለሽ?»

ሽርጧ ገና አልደረቀም። በምን እንደምትሄድ አታውቅም። ወገቧን ቀና አደረገች።

«ሰፈርሽን ንገሪኝ» አለች።