ባለ ሦስት ዋቱ አምፖል

አምፖል ሻጭ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «ከሥሩ ምን ይሠራበታል?» ብዬ ነው። ለኮሪደር ደብዛዛው ይበቃል፤ ለሚያነብና ለሚሰፋ ሰው ግን ደማቁን ኤልኢዲ እሰጣለሁ። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው አምፖል ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም።

እቤት ስገባ ግን ቁጠባዬ ልክ አጣ። ማን ከእኔ በላይ ያውቃል ብዬ፣ የድሮውን አምፖል እያወለቅሁ ክፍሉን ሁሉ ደብዛዛውን ባለ ሦስት ዋት አደረግሁት። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ቀና ብላ አየችና፣ «ጎሽ ልጄ፣ ዓይን አይወጋም» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሳምንቱ የስፌት መኪናዋን በረንዳ አወጣች። «ምነው እማ?» ስላት፣ «ነፋስ ፈልጌ ነው» አለች። ብርዱ ሲመጣ ጭራሽ መስፋቱን ተወችው። «እርጅና ነው» አለችኝ፤ እኔ ጅሉም አመንኳት።

ከቀብሯ በኋላ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስከፍት፣ ያወለቅሁት የድሮ አምፖል በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ለእኔ የጀመረችው ሸሚዝ አለ። አንገትጌው ጠማማ ነው፤ ተሰፍቶ ተፈትቷል፣ ደግሞ ተሰፍቶ ተፈትቷል። እኔን ላለማስከፋት ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች።

ዛሬ አንዲት ወጣት ለእናቷ አምፖል ልትገዛ መጣች። እንደ ልማዴ፣ «ከሥሩ ምን ይሠሩበታል?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ ጠይቄያቸው አላውቅም» አለች።

ያወረድኩትን አምፖል መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልሸጥልሽም» አልኳት። «መጀመሪያ ሄደሽ ጠይቂያቸው።»