ቅባቱን የናቀ ቁስል

የቱቫ እጆች እንደ ተላጠ ዕንቁላል ለስላሶች ነበሩ። የቡድን ጓደኛዋ ሲግሩን ከማንም በላይ በእነዚያ እጆች ትቀና ነበር። የእርሷን እጆች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ ሲሰነጣጥቃቸው ኖሯል። ቁስሉ ባመረቀዘ ጊዜ ሐኪሙ ለአንድ ሳምንት ብቻ ያዘዘላትን ፀረ ባክቴሪያ ቅባት፣ «እንዳይብስብኝ» እያለች ለዓመታት ማታ ማታ ተቀባችው። ዘንድሮ ግን ጣቶቿ ላይ የወጣው ቁስል ቅባቱን ናቀው።

«ባክቴሪያው ቅባቱን ለምዶታል» አላት ሐኪሙ። «ከእንግዲህ ውሃ ብትቀቢ ይሻልሻል።»

የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት። የእጅ ኳስ አሠልጣኟ ሄልጌም ቁስሉ እስኪደርቅ ከቡድኑ አገዳትና ቦታዋን ለቱቫ ሰጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የዋንጫው ፍጻሜ ነው፤ የብሔራዊ ቡድን መልማዮችም ወደ ኦሌሱን ከተማ ይመጣሉ።

ሲግሩን ከዳር ተቀምጣ ያየችው ልምምድ ሲያልቅ ቱቫ የልብስ መቀየሪያውን በር ዘጋች።

«ሲጉዬ፣ ያን ቅባትሽን እስቲ ወዲህ በይ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

ቱቫ ሻርፗን ዝቅ አደረገች። ከታችኛው ከንፈሯ ሥር የማር መልክ ያለው ቅርፊት ወጥቷል።

«ሄልጌ ካየው አለቀልኝ። አንቺን እንኳ እንደ ታመመች ዶሮ ለብቻሽ አስሮሽ የለ!» ብላ ሳቀች።

ሲግሩን ቁስሉ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ገባት። ኳሷ እንዳታዳልጥ ሁሉም ጣታቸውን የሚያጠቅሱት ከአንድ የሙጫ ጣሳ ነው። እርሷም ቦታዋን እንዳታጣ ፈርታ፣ እስክትታገድ ድረስ የሚያዥ ጣቷን ስታጠቅስበት ሰንብታለች።

የማይሠራውን ቅባት ብትሰጣት የቱቫን ፊት ሁሉ ቁስሉ ይወርሰዋል፤ የፍጻሜውን ጨዋታም ታጣለች። ለምና የወሰደችው ራሷ ስለሆነች ማንም ሲግሩንን አይወቅስም። ቅባቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻት።

ቱቫ ጣቷ ላይ ጨመቀች።

«ተይው!» አለች ሲግሩን።

«ምነው? ለቅባትም ትሰስቻለሽ እንዴ?»

«አይሠራም። ባክቴሪያው የኔ ነው፤ በሙጫው ጣሳ ነው የተላለፈብሽ።»

«ውሸታም! ቦታሽን ስለወሰድኩብሽ ቀንተሽ ነው።»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ። አሁንም አንጀቴ እያረረ ነው። ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ቅባት እንዳያዝልሽ፣ ከኔ እንደያዘሽ ንገሪው። የምውጠውን መድኃኒት ስሙን እነግርሻለሁ።»

«አንቺ ቆሻሻ!» አለች ቱቫ ቅባቱን ወደ ግድግዳው እየወረወረች። ሆኖም የመድኃኒቱን ስም ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

ሲግሩን የጣሳውን ነገር ለሄልጌ ራሷ ነገረችው። ሙጫው ተጣለ፣ ልጃገረዶቹም ሁሉ ተመረመሩ።

ቅዳሜ ሲደርስ የቱቫ ቁስል ደርቆ ነበር። የሲግሩን ጣቶች ግን ችፌ ያለበት ቆዳ ቶሎ አይገጥምምና አሁንም በፋሻ እንደ ታሰሩ ናቸው። ቱቫ ሁለት ተከላካዮች አልፋ ስታገባ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ሄልጌ ሲግሩን ወደ ተቀመጠችበት የተጠባባቂዎች ወንበር ጎንበስ ብሎ፣

«ይህ ያንቺም ጎል ነው፣ ልጄ» አላት።

«እባክህ ሄልጌ፣ አታመስግነኝ» አለች ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። «ኳሷን በያዘች ቁጥር፣ ‹ምነው በሳተች› እያልኩ ነው የማየው።»