የተፋቀው ስም

«የኪቴ የጥናት ቡድን መሪ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ዳሶም፣ ከሟቹ ከኪቴ ፎቶ ፊት ሁለቴ ሰግዳ ስትነሳ።

የኪቴ እናት እጇን ጭምድድ አድርገው ያዙ።  ኪቴ ነግሯቸዋል ማለት ነው ብላ አሰበች ዳሶም፤ እዚሁ፣ በለቀስተኛ ፊት ሊያዋርዷት ነው።

«የምን ይቅርታ? ከሴኡል እዚህ ድረስ መንገዱ ቀላል ነው እንዴ! ብትዘገዪስ?» አሉ እናቲቱ። «ሳትቀምሺማ አትሄጂም። ሾርባ አምጡላት!»

ይቅርታው ለመዘግየቷ አልነበረም። ግን አላረመቻቸውም። እንደ አገሩ ወግ ለቅሶው ከተደረገበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከአዳራሹ ጥግ፣ ቀዩ የሥጋ ሾርባ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

በቡድኑ አምስት ነበሩ፤ የአሮጌውን ገበያ ሻጮች ኑሮ እንዲያጠኑ ነበር የታዘዙት። ዳሶም መሪ በሆነች ዕለት ሕግ አወጣች፦ ሦስት ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ከጥናቱ ሽፋን ይፋቃል። በሰው ላብ ነጥብ የሚበላ ስለማይጠፋ በዩኒቨርሲቲው ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። ኪቴ ቀረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «መሪዬ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ብሎ ጻፈላት። «ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው» ብላ መለሰች። የልብ ሕመምተኛ እንደሆነ፣ መልእክቱንም ሆስፒታል ተኝቶ እንደጻፈው ማንም አላወቀም።

በኋላ መምህሩ ስለራሳችሁ አመራር ጻፉ ሲሉ፣ «እኔ ፍትሐዊ ነኝ» ብላ ጀመረች። ሙሉ ነጥብ አገኘች።

እናቲቱ ኪምቺ፣ በበርበሬ የተቀመመ ጎመን፣ ይዘው መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«የገበያውን ካርታ የሳልኩት እኔ ነኝ እያለ ሲያደርቀኝ ከረመ። እውነቱን ነው?»

«አዎ። የገበያው አሮጊቶችም የሚወዱት እሱን ነበር። እኛ ጥያቄያችንን አንብበን ስንሄድ፣ እሱ ጎመናቸውን ተሸክሞ ይከተላቸው ነበር።»

«እንዲያ ነው የኔ ልጅ!» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ነገ ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። ያን ጥናታችሁን አምጪልኝ፤ አብሮት ይሂድ።»

እሳቸው ሲነሱ፣ ከቡድኑ አንዷ የሆነችው ጁሂ በክርኗ ጎነጠቻት።

«አለቃ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ። ስሙን መልሰሽ ማስገባት ነው። አንድ ገጽ! ማን ያውቅብሻል?»

«ውሸት አሸክመን እንሸኘው?»

«ታዲያ እውነቱን ልትነግሪያቸው ነው? በሬሳው ላይ? ዓይንሽን ነው የሚያወጡልሽ!»

ዳሶም ሾርባውን ሳትጨርስ ተነሳች። 

በማግስቱ ሁለት ቅጂ ይዛ መጣች። በአንዱ ላይ አምስት ስም፣ በሌላው ላይ አራት ስም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ቶሎ በሉ! ሰዓት ሄደ!» እያለ ሰው የሚያጣድፈው ድምጿ የት እንደገባ ጠፋ። እናቲቱ እጃቸውን ሲዘረጉ እንኳ የትኛውን እንደምትሰጥ አታውቅም ነበር። አራት ስም ያለበትን ሰጠች።

እናቲቱ ሽፋኑን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ደገሙት።

«የልጄ ስም የታል?»

«እኔ ፋቅሁት፣ እናቴ። ሦስት ጊዜ ቀረ ብዬ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅሁትም።»

«ካርታውስ?»

«በእጅ የተሳለ ስለነበር… እንደገና በኮምፒውተር ሠራሁት።»

«አሁን ይሄ ይነገራል?» ብለው አንዲት የኪቴ አክስት ከኋላ አንሾካሾኩ። ዳሶም ዓይኗን ጨፍና ጥፊውን ጠበቀች። ጥፊው አልመጣም፤ ቢመጣ በተሻላት።

እናቲቱ ወረቀቱን መለሱላት።

«እንግዲያ ይሄ የሱ አይደለም» አሉና፣ ልጃቸውን ሳጥን ውስጥ ወደሚያስገቡበት ክፍል ባዶ እጃቸውን ገቡ።

ዳሶም ለመሄድም ፈራች፤ ለመቆየትም ፈራች። በመጨረሻ ሽርጥ አስራ ሾርባ ስታቀርብ ዋለች። ማንንም አላዘዘችም። «ያን አንሺ» ሲሏት አነሳች፤ «ይሄን እጠቢ» ሲሏት አጠበች። እናቲቱ ሁለቴ በአጠገቧ አለፉ፤ ሁለቴም ወደ ሳህኖቹ አጎነበሰች። 

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሬሳው ወጣ። ዳሶም የቀብሩ አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። የቀረችው ከእናቲቱ ጎን ያለችው ብቻ ነበረች፤ እሷም ላይ ቦርሳቸው ተቀምጦባታል። መተላለፊያው ላይ ቆመች። ውረጂ እስኪሏት ጠበቀች።

እናቲቱ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ቦርሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዳሶም ተቀመጠች፤ አውቶቡሱም ተነሳ።