የወጪ ወራጁ ፊርማ

ጫማ ሰፊው ሱቁን የከፈተው ከድንጋይ ደረጃው ግርጌ ነው። ደረጃው የታችኛውን ሰፈር ከላይኛው መንገድ ያገናኛል። መኖሪያው ታች፣ ሥራውና ክሊኒኩ ላይ ስለሆነ፣ እግር ያለው ሁሉ በቀን ቢያንስ ሁለቴ ይረግጠዋል። ከታች ሲቆጠር አሥራ ስድስተኛውን መርገጫ እንዳለፉ ግን አንድ ድንጋይ የለም። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ አልተገኘም። ጎርፍ ወሰደው የሚል አለ፤ አንዱ ለቤቱ መሠረት ነቅሎት ሄደ የሚልም አለ። የሰፈሩ ሰው እዚያ ሲደርስ እግሩን አንሥቶ ይዘላል። እንግዳ ይወድቃል። ሲወድቅ ታኮው ይነቀላል፣ ወይ ሶሉ ይገነጠላል፣ ወይ ማሰሪያው ይበጠሳል፤ እያነከሰ ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ጫማ ሰፊውን ነው።

ጫማ ሰፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሲወድቅ ደስ አይለውም። ነገር ግን ከላይ "ዋይ!" የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁ ሳያስበው ወደ ማስቲሹ ቆርቆሮ ይሄድ ነበር።

ጉዱ የፈላው አማቱ የመጡ ዕለት ነው። አማቱ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ሲመጡ፣ ልጃቸው፣ ማለትም የጫማ ሰፊው ሚስት፣ ሻንጣቸውን ተሸክማ ከፊት እየወረደች "እማዬ፣ እዚህ ጋ ዝለይ!" ከማለቷ አሮጊቷ ዘፍ አሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ። ሚስቱ ላይ ያለው የግል ክሊኒክ ካርድ አውጪ ናት። ይዛቸው ወደ ላይ ተመለሰችና ገና "የደረጃው ነው" ስትል፣ ሐኪሙ ሌላ ጥያቄ ሳያስከትል ፋሻውን አነሣ።

አማቱ በሳምንታቸው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ።

"ሠላሳ ዓመት ፈተና አርሜያለሁ፤ ጎደሎ ነገር አይቼ አላልፍም" አሉ።

እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ "እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ነዋሪዎች፣ ደረጃችን እንዲስተካከልልን በአክብሮት እንጠይቃለን።" ከዚያ ጠረጴዛ የጫማ ሰፊው ሱቅ በር ላይ አስወጥተው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። የሚፈርመውን ሰው ከመነጽራቸው በላይ ያዩታል። አንድ ጎረምሳ ሞነጫጭሮ ሊሄድ ሲል እጁን ያዙት።

"ና እስቲ። ይሄ ፊርማ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?"

"እማማ፣ ባንክ ቤትም እንዲሁ ነው የምፈርመው።"

"ባንክ ቤቱ አላስተማረህም። እንደገና ፈርም።"

በአራት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ ስድስት ፊርማ ተሰበሰበ፤ ሁሉም የሚነበብ። የሰፈሩ ፖስተኛ ራሱ ከፈረመ በኋላ ወረቀቱን ተቀብሎ ጉዳዩ ወደሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደስታ አደረሰው።

መልሱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ማኅተሙ ያምራል። "ደረጃችሁ እንዲስተካከል ያቀረባችሁት ጥያቄ ተመርምሯል" ይላል። "ሆኖም አመልካቾቹ በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኞች ባለመሆናቸው የደረጃ ዕድገት ልንሰጣቸው አንችልም። ጡረተኛዋ አመልካችም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሰው የተሰናበቱ ናቸው። ከሁለት መቶ ስድስቱ መካከል የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው የተገኙት ፖስተኛው ብቻ ስለሆኑ፣ እሳቸው አንድ ደረጃ ከፍ እንዲሉ ተወስኗል።"

ፖስተኛው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው። "እማማ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠይቄ እምቢ ያሉኝን! እጅዎ ይባረክ!" ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

"ዞር በል ከፊቴ!" አሉ አማቱ። "እኔ የጻፍኩት ስለ ድንጋይ ነው!"

በማግስቱ አማቱ በጫማ ሰፊው ትከሻ ተደግፈው ራሳቸው ወጡ። ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ጫማ ሰፊው አቅፎ አሻገራቸው። በመሥሪያ ቤቱ የተቀበላቸው የመዝገብ ሹሙ ነው። ቀጭን፣ ትሑትና እንደ ሰዓት የማይዛነፍ ሰው። ነገሩን አዳምጦ ሲያበቃ አንድ ትልቅ መዝገብ ገለጠ።

"እማማ፣ ደረጃው ስልሳ ሦስት መርገጫ ነው ያለው።"

"ጥሩ፤ አንዱ ጠፍቷል።"

"ከጠፋማ ስልሳ ሁለት መሆን አለበት። እንቁጠራ።"

አብሯቸው ወርዶ ጎንበስ ቀና እያለ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ቆጠረ። ስልሳ ሦስት ሆነ።

"ሙሉ ነው" አለ።

"ይሄ ክፍተትስ?" አማቱ በጃንጥላቸው ጫፍ ጠቆሙት።

የመዝገብ ሹሙ ክፍተቱን ጎንበስ ብሎ በአክብሮት አየው። "ክፍተቱ አልተመዘገበም። እዚህ ላይ ድንጋይ ይግባ የምትሉ ከሆነ ጥያቄው የጥገና ሳይሆን የአዲስ መርገጫ ነው። ለአዲስ መርገጫ ደግሞ የተጠቃሚው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ደረጃው ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፤ ወጪ አለ፣ ወራጅ አለ። እነዚህ የፈረሙት የትኞቹ ናቸው?"

"ሁለቱም ናቸው እንጂ! ወጥቶ የሚቀር ማን አለ?"

"እሱን መዝገቡ አያውቅም፣ እማማ። ለየብቻ ይፈርሙ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ቀዶ ይቀመጥ ነበር። አማቱ ግን እልህ ያዛቸው። "የወጪዎች" የሚል መዝገብ ይዘው እሳቸው ታች ተቀመጡ፤ "የወራጆች" የሚለውን ደግሞ ከደረጃው አናት ላይ ሱቅ ላለው ፀጉር አስተካካይ አስረከቡት። ሰዉ ጠዋት ሲወጣ ታች ይፈርማል፣ ማታ ሲመለስ ላይ ይፈርማል። ጠዋት የፈረሙ አንዳንድ ሰዎች እስከ ማታ መጠበቅ አቅቷቸው፣ ላይ እንደደረሱ ፊታቸውን አዙረው "አሁን ወራጅ ነኝ" ይሉና ፈርመው ይወርዱ ነበር። ከዚያ ሥራ ቦታቸው ትዝ ሲላቸው እንደገና ይወጣሉ። ጫማ ሰፊው በዚያ ሳምንት ብቻ አራት ሶል ለጠፈ።

ሁለቱ መዝገቦች ሲገናኙ ግን አንድ ችግር ተገኘ። ፖስተኛው በወጪዎቹ ላይ "እስማማለሁ" ብሏል፤ በወራጆቹ ላይ "አልስማማም" ብሎ ፈርሟል።

"ምን ነካህ አንተ ሰው?" አሉት አማቱ።

ፖስተኛው አቀረቀረ። "እማማ፣ ስወጣ ቦርሳዬ ሙሉ ነው፤ ክፍተቱ ነፍሴን ያወጣታል። ስወርድ ግን ባዶ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የት እዘላለሁ? በቀን አንዴ ብዘል ምን አለበት?"

የመዝገብ ሹሙ ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አድርጎ ረጅም ጊዜ አያቸው። "ተቃውሞ ካለ አይታለፍም" አለ በመጨረሻ። "ወጪው ፖስተኛ ከወራጁ ፖስተኛ ጋር ተስማምተው የስምምነት ደብዳቤ ያምጡ።"

ፖስተኛው ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። ለራሱ ደብዳቤ ጻፈ፣ ቴምብር ለጠፈ፣ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተተ። በማግስቱ ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን ከሌሎቹ ጋር ለየና ተራው ሲደርስ ቤቱ ሄዶ የራሱን በር አንኳኳ። አማቱ ለምን እዚያው እንዳላነበበው ሲጠይቁት "ለራሴ ስለሆነ አስቀድሜ ባነብ ሰው ይታዘበኛል" አላቸው። መልሱ ሦስት ቀን ፈጀ። "በጉዳዩ ላይ ብዙ አስቤበት፣ ለጋራ ጥቅም ስል ተስማምቻለሁ" ይላል።

አሁን ሁሉም ተሟላ። አማቱ መዝገቡን እንደ ክፍል ተማሪ ስም እየጠሩ አመሳከሩት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ወደ ሱቁ ውስጥ አዞሩ።

"ከሰፈሩ አንድ ሰው ቀርቷል። ያንተ ፊርማ የታለ?"

"እጄ ማስቲሽ ነው፣ እማማ" አለ ጫማ ሰፊው።

"ያኔም ማስቲሽ ነበር። ከዚያም በፊት ማስቲሽ ነበር።"

ጫማ ሰፊው ወስፌውን አስቀመጠ። "እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ከዚህ መደርደሪያ ላይ ግማሹን ጫማ የሚያመጣልኝ ያ ክፍተት ነው። እሱ ከተደፈነ እኔ ምን እሠራለሁ?"

አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እኔ የወደቅኩ ዕለት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ ደግፋ ስታነሣኝ አንተ ሮጠህ መጣህ። ጫማዬን አነሣህ፣ ገለባበጥከውና 'ሶሉ ደህና ነው' አልክ። እግሬን የጠየቅኸኝ በማግስቱ ነው።"

ነገሩ እውነት ነው። እንዲያውም ጫማ ሰፊው ያን ዕለት ሶሉ ደህና በመሆኑ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር፤ እሱን ግን አማቱ አያውቁም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ እስክሪብቶውን ተቀበለና ሁለቱም መዝገቦች ላይ ፈረመ። ጣቱ ላይ የቀረው ማስቲሽ እስክሪብቶውን ስላጣበቀበት ፊርማው ምንም የማይነበብ ሆነ። አማቱ አዩት፣ እንደገና ሊያስፈርሙት አሉና ተዉት። "ይሁን" ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ፈቃዱ በወሩ መጣ። ከፈቃዱ ጋር ሦስት ሠራተኞችና አንድ የተጠረበ ድንጋይ መጡ። ሰፈሩ ሊያይ ወጣ። ሠራተኞቹ ግን ክፍተቱን ዘለው አለፉና እስከ አናቱ ወጡ። ከመጨረሻው መርገጫ በላይ፣ ለጥ ባለው የእግረኛ መንገድ መሃል ላይ፣ ድንጋዩን በሲሚንቶ ተከሉት።

"ኧረ እዚያ አይደለም! ታች ነው!" ሲሉ አማቱ ጮኹ።

አለቃቸው ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው። "ስልሳ አራተኛ መርገጫ ነው የሚለው፣ እማማ። ስልሳ አራት የሚመጣው ከስልሳ ሦስት በኋላ ነው። አስተማሪ ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ተሳስቻለሁ?"

አማቱ ወረቀቱን ተቀብለው ቁጥሩን በጣታቸው እየነኩ አነበቡት፤ ስልሳ አራት ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁለት ቦታ ይወድቅ ጀመር። ወደየትም የማያወጣ መርገጫ አናቱ ላይ ተገትሯል፤ እሱን ያለፈ ከታች ያለው ክፍተት ይቀበለዋል። የጫማ ሰፊው ሱቅ ሞልቶ ጫማው በር ላይ ተደረደረ። ቀና ብሎ ወገቡን የሚያሳርፍበት ጊዜ አጣ። የተመኘው ሥራ ሁሉ መጥቶለት ሳለ "ዋይ!" የሚለውን ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁ አሁን ወደ ማስቲሹ ሳይሆን ወደ ጆሮው ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሚስቱ እያነከሰች መጣች። ጉልበቷ ተልጦ ይደማል፣ የተነቀለ ታኮ በእጇ ይዛለች። ጫማዋን ከተደረደሩት ኋላ አስቀመጠች።

"ተራ ልያዝ?" አለችው።

ጫማ ሰፊው ጫማውን አላየውም። ጉልበቷን በንጹሕ ጨርቅ አሠረላት፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና መዶሻውን ይዞ ወጣ። ስልሳ ሦስቱን መርገጫ በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በስልሳ አራተኛው ድንጋይ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ይፈረካክስ ጀመር።

ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውን ትቶ ወጣ። ፖስተኛውም ቦርሳውን አውርዶ እጅጌውን ሰበሰበ። ድንጋዩ በጫማ ሰፊው ወፍራም የቆዳ ጠፍር ታሠረና አርባ ሰባት መርገጫ በእንፉቅቅ ወረደ። አማቱ ከታች በጃንጥላቸው እየጠቆሙ "ወደ ግራ! ቀስ! ጣትህን አንሣ!" ይላሉ። ድንጋዩ ክፍተቱ ውስጥ ሲቀመጥ ልክክ አለ።

በዚህ መሃል የመዝገብ ሹሙ ከላይ ብቅ አለ። የመንግሥት ድንጋይ ነቅሎ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም።

"ምን እየተሠራ ነው?" አለ።

"እየቆጠርን ነው" አሉ አማቱ።

ቆጠራ ሲባል የሰውዬው ፊት በራ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ከአናቱ ጀመረ። ክፍተቱ የነበረበት ቦታ ሲደርስም ድንጋዩን ነካ አድርጎ አለፈ። ታች ሲደርስ "ስልሳ አራት" አለና መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። "ሙሉ ነው። አያችሁ፣ በሥርዓቱ የጠየቀ ሰው ያገኛል።" ሁሉንም በየተራ ጨብጦ ሄደ።

የሰፈሩ ሰው ግን እግሩ ስለለመደ ለብዙ ሳምንት አዲሱን ድንጋይ መዝለሉን አልተወም። የሚረግጡት እንግዶች ብቻ ነበሩ። ፖስተኛውማ ጨርሶ አልተወም፤ ሲወርድ ባዶ ቦርሳውን ይይዝና ሁለት መርገጫ ያህል ይዘላል፤ የሚከለክለው ሕግ አላገኘም።

ጫማ ሰፊው ሥራው ቀነሰ። ሥራ የሚፈታበት ሰዓት በዛ። ከነዚያ ሰዓቶች በአንዱ የአማቱን እግር ወረቀት ላይ አስቁሞ በእርሳስ ዙሪያውን ነደፈውና ለዓመታት ያልሠራውን ነገር ሠራ፤ ሙሉ ጫማ፣ ከቆዳ ቆርጦ፣ ታኮ የሌለው፣ ላበጠ እግር ሰፋ ያለ። አማቱ አደረጉትና እስከ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ወጥተው ተመለሱ። ያያቸው አንድ ሽማግሌ የት እንደገዙት ጠየቃቸው፤ በሳምንቱ እሱም እግሩን ሊያስለካ መጣ።

"እንዴት ነው፣ እማማ?" አላቸው ጫማ ሰፊው።

"ቀኙ ትንሽ ይጠባል" አሉ አማቱ።

ጫማውን ተቀብሎ ሰፋ እንዲል በእንጨቱ ቅርጽ ማውጫ ላይ ወጠረው።