የዛሂያ እሁዶች

"ገመዱን ልቀቂው እንጂ ዛሂያ! ልታገቢው ነው እንዴ?" ሲል ካፒቴኑ ጮኸ።

"ካንተ ይሻላል፤ ቢያንስ ዝም ይላል!" አለችና ዛሂያ ገመዱን ወርውራ ዘላ ጀልባዋ ላይ ወጣች።

መስኮቱ ዳር የተቀመጠችው ማዳም ሶላንዥ ፈገግ አለች። ጀልባዋ ወደ ደሴቷ ስታቀና የማርሴይ ወደብ በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ቀረ። ባሕሩ ወተት መስሎ ተኝቷል፤ እሷንም እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። እንዲህ ሸለብ ሲያደርጋት ሁልጊዜ የምታየው ሥራዋን ነው። ኮምፒውተሩ መልስ ሲፈልግ መንገዶቹ እንደ ወይን ሐረግ ይበዛሉ፤ እሷ ደግሞ መቀስ ይዛ ትከረክማቸዋለች። ደስ ይላል።

ዕድሜዋን የፈጀችው ገደብ የበዛበትን ጥያቄ ኮምፒውተር እንዲፈታ በማስተማር ነው፤ ማን በየትኛው ቀን ይሥራ፣ ማን ይረፍ የሚለውን ዓይነት። ስሟን በዓለም ያስጠራት ግን አንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ሥራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሰዎችን ኮምፒውተሩ እያቀያየረ በከንቱ ከሚደክም፣ በስማቸው ፊደል ተራ አሰልፎ ዕረፍቱን ከፊት ጀምሮ ያድል አለች። በቃ! ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ በዓይን ጥቅሻ ያልቅ ጀመር። የዚህችም ጀልባ የሥራ ድልድል በየሳምንቱ የሚወጣው በእሷው ፕሮግራም ነው። የፊታችን እሁድ ሥራዋን የሚመዝን ኮሚቴ ከፓሪስ ይመጣል፤ ምርምሯ ለሰው ምን እንደጠቀመ በዓይኑ ሊያይ።

"እሁድ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ፤ ትኖሪያለሽ?" አለቻት ዛሂያን፣ ቲኬቷን ስትቀበላት።

"ማዳም፣ እኔ እሁድ መቼ ጠፍቼ አውቃለሁ? ከእሁድ ጋር ቆርበናል እኮ!" አለችና አጠገቧ ቁጭ አለች። "እህት ወንድሞቼ እሁድ እሁድ አባቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እኔ ማክሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ። እሱ ደግሞ መርሳት ጀምሯል። ባለፈው 'እመቤቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?' አይለኝ መሰለሽ... ይቅርታ፣ መሰለዎት!" ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። "ሲያስታውሰኝ ደግሞ ይብሳል። 'ዛሂያ ተቀይማኝ ነው የቀረችው' እያለ ያለቅሳል አሉ።"

"አለቃሽን አልጠየቅሽም?"

"'ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው፣ እሱ አያዳላም' ይለኛል። እውነቱን ነው መቼም፤ ብረት ምን በወጣኝ ይጠላኛል?"

የማዳም ሶላንዥ እንቅልፍ ብን ብሎ ጠፋ። "የቤተሰብ ስምሽ ማነው?"

"ዚቱኒ።"

በፈረንሳይ ፊደል ደግሞ ዜድ ጭራ ናት። ኮምፒውተሩ ያለፈውን ሳምንት አያስታውስም፤ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ከፊት ይጀምራል። የእሁድ ዕረፍት ከፊት ለሚሰለፉት ባልደረቦቿ ለአርኖ፣ ለቤርቶን፣ ለሌላውም ይደርስና የቀረው ሥራ ጭራዋ ላይ ይወድቃል፤ በየሳምንቱ፣ ዓመት በዓመት። ያቺ የምትኮራባት ሐሳብ! ማዳም ሶላንዥ አፈረች።

ደሴቷ ላይ የጀልባው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሙስዬ ሮኛክ ቢሮው ውስጥ በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ቂጣ እየቆረጠመ ጠበቃት።

"ወርቅ እኮ ነው ፕሮግራሙ! ለኮሚቴው ምን ልበልልዎት?"

"ቆይ" አለችና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። የስም ተራውን ትእዛዝ ሰረዘች፤ በምትኩ ያለፉት እሁዶች እየታሰቡ እንዲካፈሉ አዘዘች። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞር ጀመር። ሮኛክ ቂጣውን ጨረሰ፣ ጣቱን ላሰ፣ ክቧ አሁንም ትዞራለች።

"ምነው፣ ተበላሸ?"

"እያሰበ ነው።"

"እስከ ዛሬ ሳያስብ ነበር እንዴ የሚያወጣው?"

"አዎ" አለች ማዳም ሶላንዥ።

በመጨረሻ ድልድሉ ወጣ። ሮኛክ አየና ጭንቅላቱን ያዘ፤ "አርኖ? እሁድ ሥራ? ኧረ እሁድማ ዓሣ ያጠምዳል!"

"ሰኞ ያጥምድ።"

ዛሂያ የጀልባዋን ወለል እያጠበች ነበር። ማዳም ሶላንዥ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሳትቀባባ። ዛሂያ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሰማች።

"ስሜ በዜድ ስለሚጀምር?"

"አዎ።"

"ሌላ ምንም የለም?"

"ሌላ ምንም። ይቅርታ አድርጊልኝ። እሁድ ታርፊያለሽ።"

ዛሂያ ባልዲዋን ይዛ ሄደችና የቆሸሸውን ውሃ ባሕሩ ውስጥ ደፋች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "የኔ ይቅርታ ምን ያደርጋል? ለአባቴ ይንገሩት። እኔ ብነግረው ሰበብ ነው የሚለው። እሁድ ለምሳ ቤቱ ይምጡና፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ አልተቀየመችዎትም ይበሉት።"

"እሁድ እኮ ኮሚቴው..." ብላ ጀመረች ማዳም ሶላንዥ። ከፓሪስ የሚመጡት ሰዎች አንዴ ከሄዱ ተመልሰው አይመጡም፤ ይህን ታውቃለች።

"ምሳ በስንት ሰዓት ነው?" አለች።